ተሳቢ እየጎተቱ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ሃያ ደቂቃ ስለምታውቀው ነገር ተናገር፤ ፖለቲካ አይሁን፣ የሥራ ታሪክህም አይሁን» ብሎ ነው የጠራኝ። ሁለቱ ከተነሡብኝ የቀረኝ ፍሪጅ ነው። ፍሪጅ ስል ግን ወጥ ቤታችሁ ግድግዳ ሥር የቆመውን ማለቴ አይደለም። በመኪና እየተጎተተ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበረውን ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እኔና ባለቤቴ ካምፐር እየጎተትን እንደምንዞር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አንዳንድ ወዳጆቼ «ይሄ ሰውዬ ቤት እያለው ቤቱን ይጎትታል» እያሉ ይስቃሉ። ይሁንና የሳቁትም ጭምር አንድ በአንድ መግዛት ጀምረዋል። ገዝተውም ሲያበቁ ስልኬን የሚያንጫርሩት ስለ ፍሬን ወይም ስለ ጎማ አይደለም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መኪናው ሲሄድ ፍሪጁ በምን ይሠራል? ሻጩ «አታስብ፣ ይሠራል» ብሎ ሸኝቷቸዋል። በምን እንደሚሠራ ግን አልነገራቸውም።

ለእኛ ቤት ይህ የለስላሳና የቢራ ጉዳይ አይደለም። ባለቤቴ ስኳር አለባት፤ ይህን የምናገረው በራሷ ፈቃድ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ከተከፈተ በኋላ አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ 28 ቀን ያህል ይቆያል። ለአንድ ወር ጉዞ የተያዘው ተጠባባቂ ግን ፍሪጅ ይፈልጋል። ከሞቀ ይበላሻል። ከቀዘቀዘ፣ ማለት በረዶ ከሆነ፣ ቢቀልጥም ይጣላል። ስለዚህ «ቀዝቃዛ ነው» ብቻ አይበቃም፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል መሆን አለበት፣ ያውም በሐምሌ ሙቀት፣ በአውራ ጎዳና ላይ፣ ለስምንት ሰዓት።

እንግዲህ ከመሣሪያው እንጀምር። በካምፐር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት የኖረው ፍሪጅ ኮምፕረሰር የለውም። ሞተር የለውም፣ ድምፅም የለውም። በሙቀት ነው የሚሠራው። እሳት ለኩሶ በረዶ ማውጣት እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ገጠር ጤና ጣቢያ ያገለገላችሁ ሰዎች ይህን መሣሪያ በደንብ ታውቁታላችሁ። በላምባ የሚሠራው የክትባት ፍሪጅ ማለት እኮ ነው! ከሥሩ ክሩ እየነደደ ከላይ ክትባቱን ያቀዘቅዝ የነበረው። የካምፐሩ ፍሪጅ የእሱ የሥጋ ዘመድ ነው።

ይህን ዓይነት ፍሪጅ የፈጠሩት በስቶክሆልም የሮያል ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች የነበሩት ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ ናቸው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1922 ነበር። ኤሌክትሮሉክስ በ1925 ማምረት ጀመረው። ከመቶ ዓመት በኋላም ዋናው ሐሳብ አልተለወጠም። መምህራን፣ ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ ስትሰጡ ይህቺን ታሪክ ብታስታውሱ ደስ ይለኛል፤ ተማሪ የሠራው ነገር አንዳንዴ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ አይቀርም።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ውሃ፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን አሉ። ከታች ሲሞቅ አሞኒያው ከውሃው ተለይቶ ይተንና ወደ ላይ ይወጣል። ከፍሪጁ ጀርባ ባለው ቧንቧ ሙቀቱን አውጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ሃይድሮጅን ወዳለበት ክፍል ይገባል፤ እዚያ የራሱ ግፊት ድንገት ስለሚቀንስ እንደገና ይተናል፤ ሲተንም ሙቀት ከምግቡ ይወስዳል። በመጨረሻ ውሃው መልሶ ይመጠዋል፤ ዑደቱም ይቀጥላል። ፓምፕ የለም፤ የሚያዞረው ሙቀቱና የመሬት ስበት ብቻ ነው። ካምፐር ያላቸው ሰዎች ቆመው ሲያድሩ መሬቱ ልክ ካልሆነ የሚጨነቁት ለዚህ ነው። ፍሪጁ ተዳፋት ላይ ለሰዓታት ከሠራ ፈሳሹ አንድ ቦታ ይተኛና ማፍያው ያለ ፈሳሽ ይነዳል፤ ቧንቧው ይደፈናል። በጉዞ ላይ ግን መንገዱ ወዲያና ወዲህ ስለሚያወዛውዘው ችግር የለም።

ይህ ፍሪጅ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ግድ የለውም። ቡታጋዝም ይሁን፣ የ120 ቮልት የቤት መብራትም ይሁን፣ የ12 ቮልት ባትሪም ይሁን፣ ለእሱ ያው እሳት ነው። ሦስቱንም የሚቀበለው ባለ ሦስት መንገድ ይባላል። በአሜሪካ የሚሸጡት ትልልቆቹ ግን ብዙዎቹ ባለ ሁለት መንገድ ናቸው፤ በ12 ቮልት አይሞቁም። 12 ቮልቱ የሚያስፈልጋቸው ለመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ብቻ ነው። ሻጩ «12 ቮልት አለው» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። አንድ ወዳጃችን ይህን ሳይነገረው ከቨርጂኒያ እስከ ቴነሲ ነድቶ ሲደርስ ክትፎው ሳይነኩት ለብ ለብ ብሎ ነበር።

አሁን ወደምንወደው ነገር፣ ወደ ኦም ሕግ እንግባ። አምስት ኪሎ የተማርን ሰዎች ይህን ጥያቄ በፈተና ላይ ብናገኘው በአምስት ደቂቃ እንጨርሰው ነበር። መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ ነው የሚከብደው።

ባለ ሦስት መንገዱ ፍሪጅ በ12 ቮልት 180 ዋት ይወስዳል እንበል። 15 አምፔር ማለት ነው። ይህ ከረንት ከመኪናው ሞተር ክፍል ተነሥቶ፣ በሻንሲው ሥር ተጉዞ፣ ባለ ሰባት እግሩን ስፒና አልፎ፣ በካምፐሩ ሥር ሄዶ ፍሪጁ ጋ ይደርሳል። ባለ ሰባት እግሩ ስፒና፣ ለማታውቁት፣ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ነው፤ የግራና የቀኝ ፍሬቻ፣ የኋላ መብራት፣ የኤሌክትሪክ ፍሬን፣ የኋሊት መብራት፣ ኔጋቲቭ፣ እና አንዷ እግር ለ12 ቮልት። የፍሪጃችን ተስፋ ያለው በዚያች አንዲት እግር ላይ ነው።

ርቀቱ በአንድ አቅጣጫ 12 ሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልስ 24 ሜትር ሽቦ ነው። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ውፍረቱ 3.3 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነውን ሽቦ ነው፤ አሜሪካኖቹ 12 ጌጅ ይሉታል። የመዳብን ሬዚስታንስ ስታሰሉ 0.125 ኦም ይመጣል። በ15 አምፔር ወደ 1.9 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ዲናሞው 14.2 ቮልት ቢሰጥ ፍሪጁ ጋ 12.3 ይደርሳል፤ እሰየው፣ ይሠራል። የዛገ ስፒና፣ የላላ ብሎን፣ ለኔጋቲቭ ተብሎ በቀለም ላይ የታሰረ ሽቦ ሲጨመርበት ግን 10 ቮልት ቢደርስ አይግረማችሁ። ማሞቂያው ሬዚስታንስ ስለሆነ ኃይሉ በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚወርደው፤ ከ12 ወደ 10 ቮልት ስንወርድ 180 ዋቱ 125 ዋት ይሆናል። ሠላሳ በመቶው እሳት ጠፋ ማለት ነው። ይህ ዓይነት ፍሪጅ ደግሞ ከሚሰጠው ሙቀት ወደ ማቀዝቀዝ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ በሞቃት ቀን በ12 ቮልት የሚሄድ ፍሪጅ አዲስ ነገር አያቀዘቅዝም፤ የቀዘቀዘውን ይጠብቃል እንጂ። ሰዎች «ተበላሽቷል» ብለው ጥገና ቤት የሚወስዱት ግማሹ ያልተበላሸ ነው። ቮልት ሜትር ይዞ ፍሪጁ ጀርባ ያለውን ቮልቴጅ ሞተሩ እየሠራ የለካ ሰው ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።

ሌላው ጣጣ ሞተሩ ሲጠፋ የሚመጣው ነው። በአንዳንድ መኪኖች ያቺ የ12 ቮልት እግር ቁልፉ ሲዘጋ ትዘጋለች፤ በአንዳንዶቹ ግን ሁልጊዜ ክፍት ናት። ክፍት ከሆነች ፍሪጁ ምሳ እየበላችሁ የመኪናውን ባትሪ ይበላል። 15 አምፔር ለአራት ሰዓት 60 አምፔር ሰዓት ነው፤ ማስነሻ ባትሪ ይህን አይችልም። የካምፐሩ ባትሪ አሮጌው የእርሳስ ዓይነት፣ 100 አምፔር ሰዓት፣ ከሆነም ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው፤ በዚህ ስሌት ሦስት ሰዓት ተኩል አይሞላም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ሲሠራ ብቻ የሚዘጋ ሪሌ። ዋጋው ከአንድ ቀን ምሳ አይበልጥም።

ስለ ኢንቨርተር ብዙ አልናገርም። በሙቀት የሚሠራውን ፍሪጅ የ120 ቮልት ማሞቂያ በኢንቨርተር ማስነሣት ከባትሪው 30 አምፔርና ከዚያ በላይ መጠየቅ ነው። ካምፐር ውስጥ የቤት ፍሪጅ ለተገጠመላቸው ኢንቨርተር ተገቢ ነው፤ ለሌላው ግን እንጀራ በፀጉር ማድረቂያ መጋገር ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚከራከርበትን ላንሣ። ቡታጋዙን ለኩሶ መንዳት ይቻላል ወይ?

ይቻላል። ብዙ አሜሪካዊ ለአርባ ዓመት እንዲሁ ነድቷል፤ «ምንም አልሆንኩም» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው። ፍሪጁም በጋዝ ሲሆን ከ12 ቮልት ይልቅ በደንብ ያቀዘቅዛል። በአብዛኛው ቦታ የሚከለክል ሕግ የለም። ቢሆንም እኔ አላደርገውም፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ። የጋዙ ቧንቧ የሚሄደው በካምፐሩ ወለል ሥር ነው። የተሳቢ ጎማ ሲፈነዳ የተተረተረው ጎማ እንደ ጅራፍ እየተሽከረከረ ወለሉን ይገርፋል፤ ብዙ ካምፐር ሥር ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ቧንቧው ቢቀደድና ሲሊንደሩ ክፍት ቢሆን፣ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይተኛል፤ ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ የሚነድ እሳት አለ። ሊሆን የሚችለው ነገር በጣም አልፎ አልፎ ነው፤ ሲሆን ግን የሚጠፋው አይብና ወተት አይደለም። አማራጭ በሌለበት ዘመን ይህን አደጋ መቀበል ይገባኛል። ዛሬ አማራጭ አለ።

ለኩሰው የሚነዱም ቢሆኑ ነዳጅ ማደያ ከመግባታቸው በፊት ማጥፋት አለባቸው። ሲባል «እሳቱን ነፋስ አጥፍቶታል» ብሎ መተው አይደለም፤ አዳዲሶቹ ፍሪጆች እሳቱ ሲጠፋ በራሳቸው ብልጭታ ፈጥረው መልሰው ይለኩሱታል። ቤንዚን እየተቀዳ ብልጭታ! ስለዚህ መጥፋት ያለበት ከመቆጣጠሪያው ነው፤ ሲሊንደሩም ይዘጋል።

ለዚህ አካባቢ ነዋሪዎች ሌላ ነገር አለ። በባልቲሞር ወደብ ሥር የሚያልፉት ሁለቱ ዋሻዎች፣ የሃርበር ተነልና የፎርት መክሄንሪ ተነል፣ አንዱ ሲሊንደር ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን የያዘ ከሆነ አያሳልፉም። የካምፐር ሲሊንደር በተለምዶ 20 ወይም 30 ፓውንድ ነው። ልብ በሉ፦ ክልከላው እሳቱን ብቻ ሳይሆን ጋዙን መያዙንም ነው፤ «ዘግቼዋለሁ» ማለት አያድንም። ቀድሞ በፍራንሲስ ስኮት ኪይ ድልድይ እንዞር ነበር። ማርች 26 ቀን 2024 ሌሊት መርከብ ገጭቶት ድልድዩ ፈረሰ፤ ስድስት ሠራተኞችም ሞቱ። ከዚያ ወዲህ እኛ ካምፐር ጎታቾች በምዕራብ በኩል ባለው የ695 ቀለበት እንዞራለን። ወደ ሜይን፣ ወደ አካዲያ ብሔራዊ ፓርክ ስንሄድ፣ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነው መንገድ ባለቤቴ የምትጠላው ይህቺን ግማሽ ሰዓት ነው።

አማራጭ አለ ያልኩት ኮምፕረሰር ያለውን የ12 ቮልት ፍሪጅ ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት አዳዲስ ካምፐሮች ውስጥ አሮጌውን እየተካ የመጣው ይህ ነው። ሲሠራ 60 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ግን ሁልጊዜ አይሠራም፣ ይነሣል ይቆማል። ከጊዜው 45 በመቶውን ቢሠራ አማካዩ 27 ዋት ነው። በቀን 650 ዋት ሰዓት። 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 1,280 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ስለዚህ ከማንም ሳይለምን ፍሪጁን ሁለት ቀን ያህል ያኖረዋል። ስድስት ሰዓት ብትነዱ ፍሪጁ የሚበላው ከባትሪው አንድ ስምንተኛውን ነው።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው ጥያቄው ራሱ እንደተለወጠ ይገባዋል። «መኪናዬ ፍሪጁን እንዴት ያንቀሳቅስ?» የሚለው ቀረ። ፍሪጁን የሚያንቀሳቅሰው ባትሪው ነው፤ መኪናው የጎደለውን ይሞላል፣ ጣሪያው ላይ ያለ 200 ዋት የፀሐይ ሰሌዳም ያግዘዋል። በበጋ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 750 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ያ ማለት ፍሪጁ በጀ። የእኛ ካምፐር ከሦስት ዓመት ወዲህ የሚሄደው በዚህ ነው።

ባትሪውን ከመኪናው መሙላት ግን የራሱ ሳይንስ አለው፤ መምህራንን ደስ የሚለው ክፍል ይሄ ይመስለኛል። የዛሬ መኪኖች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ፣ የራሳቸው ባትሪ ሲሞላ የዲናሞውን ቮልቴጅ ይቀንሱታል፤ አንዳንዴ 12.6 ድረስ። በዚህ ቮልቴጅ ሊቲየም ባትሪ አይሞላም። ስለዚህ በመካከል ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ይገባል፤ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ይባላል። ሰዎች ይህን ገዝተው በፋብሪካው ቀጭን ሽቦ ላይ ያስሩትና «አይሠራም» ይላሉ።

ለምን? ቻርጀሩ በ14 ቮልት 20 አምፔር ለማውጣት፣ ብክነቱን ጨምሮ 310 ዋት ያህል ከመኪናው ይፈልጋል። ይህ ማሞቂያ አይደለም። ማሞቂያ ቮልቴጅ ሲቀንስበት ትንሽ ይወስዳል፤ ቻርጀሩ ግን ቮልቴጅ ሲቀንስበት ኃይሉን ለመጠበቅ ብዙ ከረንት ይስባል። ብዙ ሲስብ ሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ይጨምራል፤ ሲጨምር አሁንም ይስባል። በዚያ 0.125 ኦም ሽቦ፣ ምንጩ 14.2 ቮልት ሲሆን፣ ኳድራቲኩን ስትፈቱት ከረንቱ ወደ 30 አምፔር ይጠጋል፤ ቻርጀሩ ጋ የሚደርሰው 10.5 ቮልት ነው፤ 110 ዋት ሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ፊውዙ 30 ከሆነ አፋፍ ላይ ናችሁ። ምንጩ ወደ 12.5 ገደማ ሲወርድስ? እኩልታው እውነተኛ መልስ የለውም! መሣሪያው የሚፈልገውን ኃይል በዚያ ሽቦ ማድረስ በተፈጥሮ አይቻልም። በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ላይ የምታስተምሩት የቮልቴጅ መውደቅ፣ አገር የሚያጨልመው፣ እዚህ በካምፐር ሽቦ ላይ በሃያ ዶላር ሜትር ሊለካ ይችላል። ቻርጀሩ ራሱን ያጠፋል፤ ቮልቴጁ ያገግማል፤ መልሶ ይነሣል፤ መልሶ ይጠፋል። ባለቤቱ ይራገማል።

ሁለት መውጫ አለ። ወይ ትንሽ ቻርጀር መግዛት፣ ለፍሪጁ ብቻ ከሆነ 10 አምፔር ከበቂ በላይ ነው፤ ወይም 13 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከመኪናው ባትሪ ጀምሮ መዘርጋት፣ ሬዚስታንሱም 0.03 ኦም ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን መረጥሁ፤ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አለበት፤ ሽቦውም ከጭስ ማውጫው ይርቃል። ሊቲየም ባትሪ ያለ ቻርጀር በቀጥታ በወፍራም ሽቦ ማገናኘት ደግሞ አይመከርም፤ ባትሪው ያገኘውን ሁሉ ስለሚጠጣ ዲናሞውን ከልክ በላይ ያሞቀዋል። ከዜሮ ዲግሪ በታችም ሊቲየም ቻርጅ አይደረግም። የሚኒሶታ ወንድሞቼ፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

እስካሁን ስለ ኤሌክትሪክ ብዙ አወራሁ፤ ግን ለአጭር መንገድ ከሁሉ የሚሻለው ምንም አለማብራት ነው። የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት መመሪያ በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ መብራት ከጠፋ አራት ሰዓት ያህል ምግብ ያቆያል ይላል። ከመነሣታችሁ 24 ሰዓት በፊት በቤት መብራት አቀዝቅዙት፣ ሙሉ አድርጉት፣ በሩን አትክፈቱት። በረዶ ጨምሩበት። አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ይወስዳል፤ ሦስት ኪሎ ወደ 278 ዋት ሰዓት ነው። በግድግዳው የሚገባው ሙቀት 35 ዋት ቢሆን፣ ሦስት ኪሎ በረዶ ብቻውን ስምንት ሰዓት ያህል ይከላከላል። ባለቤቴ ይህን ስሌት ሳትሰማ ገና ድሮ ታውቀው ነበር፤ ዶሮ ወጡን በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋ ድንጋይ እስኪመስል ታቀዘቅዝና ከላይ ትደረድረዋለች። ወጥ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሥራውን ይሠራል፤ ማታ ደግሞ ይበላል። እንደዚህ ያለ የኃይል ማከማቻ ባትሪ ሻጮች እስካሁን አላመጡም።

ኢንሱሊኑ ግን ከወጡ አጠገብ አይቀመጥም። ሰዎች ስለ ሙቀት ሲጨነቁ በረዶውን ይረሱታል። በሙቀት የሚሠራው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከኋላ ያሉት የብረት ክንፎች አጠገብ፣ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ቴርሞስታቱም እንደ ኮምፕረሰሩ ትክክለኛ አይደለም። እኛ ኢንሱሊኑን በመካከለኛው መደርደሪያ፣ ከጀርባ ግድግዳ ርቆ፣ በትንሽ ክዳን ባለው ሣጥን እናስቀምጣለን። ሣጥኑ ውስጥ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር አለ። ማታ ስንቆም መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወንበር የሚዘረጋው። ባለፈው ጉዞ የተመዘገበው ዝቅተኛ 3፣ ከፍተኛ 7 ነበር።

ይህ ሁሉ ለክረምት ሽርሽር ብቻ የሚሆን ዕውቀት ነው ብላችሁ እንዳትወስዱብኝ ነው መምህራንን ማናገር የፈለግሁት። አገራችን የክትባት ፕሮግራሟን ከጀመረች፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ፣ የጤና ሠራተኛው ትግል ይኸው ነው፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ መብራት በሌለበት፣ በመንገድ ላይ። የላምባው ፍሪጅ ነበልባል ከፍ ዝቅ ሲል ክትባቱ አንድ ቀን ይሞቃል፣ አንድ ቀን በረዶ ይሆናል፤ አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታቫለንትም እንደ ኢንሱሊኑ በረዶ ሲሆን ይበላሻል። አሁን ባትሪ ሳያስፈልጋቸው በቀጥታ ከፀሐይ ሰሌዳ የሚሠሩ ፍሪጆች አሉ፤ ትርፉን ኃይል የሚያስቀምጡት በረዶ አድርገው ነው። የባለቤቴ ዶሮ ወጥ ዘዴ፣ በጨዋ ስሙ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ማኅበራችን በየዓመቱ ለትምህርት ክፍሉ ከሚልከው መዋጮ ላይ የእኔ ድርሻ ለዚህ እንዲውል እጠይቃለሁ፦ አንድ ትንሽ የ12 ቮልት ኮምፕረሰር ፍሪጅ፣ አንድ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር፣ የተለያየ ውፍረት ያለው 24 ሜትር ሽቦ፣ ጥቂት ቴርሞሜትር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሽቦውን እየቀያየሩ ቻርጀሩ የሚወድቅበትን ነጥብ ይለኩ፤ ከዚያ በፒክአፕ ጭነው ከአዲስ አበባ ወጥተው በኮረኮንች ይንዱትና ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሙቀት ይመዝግቡ። ጤና ሳይንስ ፋኩልቲም ቢተባበር መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው ውሃ መሆኑ ቀርቶ አንድ ቀን እውነተኛ ክትባት ሊሆን ይችላል። ዕቃውን እኔ ከዚህ እገዛለሁ፤ የማጓጓዣውን ኮሚቴው ይወቅበት።

ጥያቄ ካላችሁ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ። ካምፐሩ ውጭ ፓርኪንጉ ላይ፣ ከጀርባ በር አጠገብ ቆሟል፤ ቮልት ሜትሩም እዚያው አለ። ከእናንተ መካከል የራሱን መኪና የ12 ቮልት እግር መለካት የሚፈልግ ካለ ከእራት በፊት ይምጣ፣ በኋላ ይጨልማል።